ድፍርስ ውሃን ለመጠጥ ማብቃት፦ በጉዞ፣ በጎርፍ ጊዜና ቧንቧ ሲቋረጥ

ከቋጥኝ ሥር ጥርት ብሎ የሚወጣ ውሃ ጃርዲያም ታይፎይድም ሊይዝ ይችላል። ጭቃ ያደፈረሰው የጎርፍ ውሃ ደግሞ በአግባቡ ከታከመ ይጠጣል። በዓይን አይቶ መፍረድ ስለማይቻል፣ የታሸገና የታከመ መሆኑን ከምታውቁት በስተቀር ሌላውን ውሃ ሁሉ እንደ ተበከለ ቆጥራችሁ ተነሱ።

ሥራው ሦስት ነው፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። መጀመሪያ ውሃውን ማጥራት፣ ቀጥሎ በውስጡ ያለውን ተህዋስ መግደል፣ በመጨረሻም የታከመው ውሃ መልሶ እንዳይበከል አድርጎ ማስቀመጥ። ብዙ ሰው መካከለኛውን ብቻ ይሠራል። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ጨምሮ ታከመ ይላል፤ ጭቃውና የበሰበሰው ቅጠል ግን ክሎሪኑን ይጨርሱታል፣ ተህዋሱም በአፈር ቅንጣት ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል። ሌላው ደግሞ በሚገባ አፍልቶ፣ ሁሉም ሰው በየራሱ ጣሳ በሚጨልፍበት ባልዲ ያስቀምጠዋል። በሁለቱም ቤት ተቅማጥ ይገባል፤ ጥፋቱም በማያጠፋው በክሎሪኑ ወይም በእሳቱ ይሳበባል።

ከየት እንቅዳ

ምርጫ ካለ ዙሪያው በግንብ የተጠበቀ ምንጭ ከወንዝ ይሻላል፤ የሚፈስ ውሃ ከኩሬ ይሻላል። ከወንዝ ስትቀዱ ከመንደሩ፣ ከብት ከሚጠጣበትና ልብስ ከሚታጠብበት በላይ ወጣ በሉ። አሸዋማ በሆነ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ከውሃው ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ ቆፍሩና የሚሰርገውን ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሞላውን ጨልፋችሁ ድፉት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ የሚሞላው በአሸዋው ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የዝናብ ውሃ ስትሰበስቡ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ይፍሰስ፤ የወፍ ኩስና አቧራ የሚታጠበው በእሱ ነው።

ሐይቅ ውስጥ ወይም ቀስ ብሎ በሚሄድ ወንዝ ውስጥ ገብታችሁ አትቅዱ። ቢልሃርዝያ የሚይዘው በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ ነው። በተቀዳው ውሃ ውስጥ ያለው የቢልሃርዝያ እጭ ግን የሚገባበት ሰው ካላገኘ ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ ውሃው ተከድኖ 48 ሰዓት ከቆየ ለመታጠቢያ እንኳ አያሰጋም።

በቤት ዘዴ የማይድን ውሃም አለ። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት እንደ አቃቂ ያለ ወንዝ፣ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ ሥር ያለ ቦይ፣ ነዳጅ የሚሸት ወይም ዘይት የሚንሳፈፍበት ውሃ ለመጠጥ አይሆንም። እሳት ኬሚካልን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲጎድል የቀረው ይጠነክራል። የፍሎራይድም ነገር እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ አላቸው። ይህ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ለጥቂት ቀን መንገደኛ አያሳስብም። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን ማፍላትም ክሎሪንም ስለማይረዱት ወይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፣ ወይ ለፍሎራይድ ተብሎ በአጥንት ከሰል የተሠራ ማጣሪያ መጠቀም አለበት።

ማጥራት

ጊዜ ካላችሁ ቀላሉ መንገድ ማዝቀጥ ነው። ውሃውን በባልዲ ወይም በጀሪካን ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሳትነቀንቁ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ሲቻል ደግሞ አሳድሩት። ከዚያ ከላይ ያለውን ብቻ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። የታችኛውን አተላ ለማትረፍ አትሞክሩ፤ ያ የመጨረሻው ሊትር የሌላውን ሁሉ ድካም መልሶ ያደፈርሳል።

ከማዝቀጥ በኋላ በጨርቅ አጥልሉ። የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ ንጹሕ ነጠላ ቢሆን አራት ጊዜ ታጥፎ። ብዙ የታጠበ አሮጌ ጨርቅ ከአዲስ ይበልጣል፣ ክሩ ሳስቶና ተበታትኖ ቀዳዳውን ስለሚያጠብበው። በባንግላዴሽ ገጠር የሳሪ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ ያጠለሉ ቤተሰቦች የኮሌራ ሕመማቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ታይቷል። የኮሌራ ባክቴሪያ ራሱ በጨርቅ ቀዳዳ የማያልፍ ሆኖ አይደለም፤ በውሃ ውስጥ በሚዋኙ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ ስለሚጣበቅ ነው። በጋምቤላ ጊኒ ዎርም የተባለውን፣ ከቆዳ ሥር የሚያድግ ረጅም ትል የሚያስተላልፉትም እነዚህ ነፍሳት በመሆናቸው እዚያ ማጥለል ግዴታ ነው። አልቅትም እንዲሁ፤ ከምንጭ ተደፍተው ሲጠጡ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቀው አልቅት በጨርቅ አያልፍም። የጨርቁን አንድ ገጽ በክር ምልክት አድርጉበትና ሁልጊዜ በዚያው በኩል አፍስሱ። ከተገለበጠ ትናንት የያዘውን ዛሬ ውሃው ውስጥ ይመልሰዋል። ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

አፈሩ ደቃቅ ሸክላ ከሆነ በአንድ ሌሊትም አይዘቅጥም፣ በጨርቅም ያልፋል። የክረምት ወንዝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ያኔ ቅንጣቶቹን የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋል። በገበያ ያለው የቢሻን ጋሪ ከረጢት ለ20 ሊትር፣ ፑር የሚባለው ደግሞ ለ10 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ጭቃውን የሚያረጋ ዱቄትና ክሎሪን አብረው ይዘዋል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ 5 ደቂቃ ያለማቋረጥ አማስሉ፤ ጭቃው ተርገፍግፎ ታች ሲቀመጥ በጨርቅ አጥልሉና ለመጠጣት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማማሰሉን በማሳጠር ነው። በ1 ደቂቃ ከቆመ ጭቃው ሳይያያዝ ይቀራል፣ ውሃውም ነጣ ብሎ እንደ ደፈረሰ ይቆያል።

ሽፈራው (ሞሪንጋ) የሚባለው ዛፍ ባለበት፣ በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል፣ ፍሬው ይህንኑ ይሠራል። በዛፉ ላይ የደረቀውን ፍሬ ፈልፍላችሁ ነጩን ውስጡን ብቻ ውቀጡ። በጣም ለደፈረሰ ውሃ ለ1 ሊትር አንድ ፍሬ፣ መጠነኛ ለሆነው ለ2 ሊትር አንድ ፍሬ መነሻ ይሁናችሁ፤ የፍሬው መጠን ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ግን መጀመሪያ በአንድ ሊትር ሞክሩት። ዱቄቱን በጥቂት ንጹሕ ውሃ 5 ደቂቃ መትታችሁ በጨርቅ አጥልሉ፣ ወተት የመሰለውን ፈሳሽ በውሃው ላይ ጨምሩ፣ 1 ደቂቃ በፍጥነት ከዚያም 10 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይረጋል። ይህ ውሃውን አጠራ እንጂ ገና አላከመም፤ የፍሬው ትርፍ ውሃው ውስጥ ስለሚበሰብስም በ24 ሰዓት ውስጥ አክማችሁ ጨርሱት።

ማፍላት

ከሁሉም ዘዴ የማያጠራጥረው ይህ ነው። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ክሎሪን የማይበግረው ክሪፕቶስፖሪዲየምም ሳይቀር በፈላ ውሃ ይሞታል። ለጨቅላ ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና በሕመም ለተዳከመ ሰው የሚሰጥ ውሃ ቢቻል የፈላ ይሁን።

ውሃው መላው እየተገላበጠ ሲንተከተክ ሰዓት ያዙ። ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ ይበቃል። ከድስቱ ሥር የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች መፍላት አይደሉም፤ በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው የሚወጣው። ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ፣ በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ባለመድረሱ አትስጉ። እነዚህ ተህዋሶች ከ65 ዲግሪ ጀምሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ፤ ሦስቱ ደቂቃ የተጨመረው ለጥንቃቄ ነው። 20 ደቂቃ ማንተክተክ ግን እንጨትና ከሰል ከማባከን ውጪ ጥቅም የለውም፣ በተለይ ማገዶ በሌለበት ካምፕ።

በፈላበት ዕቃ ውስጥ ከነክዳኑ ይቀዝቅዝ። ለማቀዝቀዝ ብላችሁ ያልፈላ ውሃ ጠብ እንዳታደርጉበት። ጣዕሙ ሲደብት ከንጹሕ ዕቃ ወደ ንጹሕ ዕቃ ጥቂት ጊዜ እየገለበጣችሁ አየር አስገቡበት።

ክሎሪን

ማገዶ ሲያጥርና ውሃው ብዙ ሲሆን የሚያዋጣው ክሎሪን ነው። ማፍላት የሌለው አንድ ጠቀሜታም አለው፤ የተረፈው ክሎሪን በዕቃው ውስጥ ቆይቶ በኋላ የሚገባውን ብክለት ይከላከላል።

በሱቅ የሚሸጥ በረኪና ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚል ከሆነና ሽቶ፣ ቀለም ወይም ሳሙና ካልተቀላቀለበት ይሠራል። መጠኑ ጥርት ላለ ውሃ በ1 ሊትር 2 ጠብታ ነው። በ5 ሊትር 10 ጠብታ፣ በ20 ሊትር 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለጀሪካን ጠብታ ከመቁጠር ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ይሻላል። አጥልላችሁም ውሃው ደፍረስ ካለ መጠኑን እጥፍ አድርጉ። ጀሪካናችሁ 20 ነው ወይስ 25 ሊትር የሚለውን አረጋግጡ፣ ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። የበረኪናው ጥንካሬ 2.5 በመቶ ከሆነ መጠኑ እጥፍ ነው። ምንም ያልተጻፈበት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በየመንደሩ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው ስለማይታወቅ ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙበት።

ነቅንቁትና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ከ10 ዲግሪ በታች፣ ክሎሪን ስለሚዘገይ 60 ደቂቃ ይሁን፤ ደጋ ላይ በማለዳ የተቀዳ ውሃ በዚህ ሊመደብ ይችላል። ከዚያ አሽትቱት። የቧንቧ ውሃ የሚሸተውን ያህል ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ከሌለ ክሎሪኑ በቆሻሻው አልቋል ማለት ነው፤ ያንኑ መጠን ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ። በሁለተኛውም ካልሸተተ ውሃው በጣም ቆሻሻ ነው ወይም በረኪናው ሞቷል፤ ድፉት።

በረኪና በሙቀትና በብርሃን ይዳከማል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ዓመት ያለፈውን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ውሃ አጋር የሚባለው በጠርሙስ የሚሸጥ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በክዳኑ ነው የሚለካው፤ ለአንድ ጀሪካን ስንት ክዳን እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ አለ። ከበረኪና በጣም የቀጠነ ስለሆነ አንዱን በሌላው መጠን አትለኩ። አኳታብ የሚባለው እንክብል ደግሞ በተለያየ መጠን ይመጣል። በእርዳታ የሚታደለው ባለ 67 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ እሱን በ1 ሊትር ኮዳ ውስጥ መጨመር ውሃውን የማይጠጣ ያደርገዋል። መንገደኛ ለ1 ሊትር የተሠራውን ይግዛ። ሲታደል ደግሞ አዛውንቶች እንደ ኪኒን እንዳይውጡት አንድ በአንድ መናገር ያስፈልጋል፤ መልኩ መድኃኒት ነውና።

ኮዳ ውስጥ ስታክሙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ኮዳውን ገልብጡ፤ የታከመው ውሃ በጥርሱ መካከል ወጥቶ አፉን ይጠብ። ያልታከመ ጠብታ የሚቀረው እዚያ ነው፣ ከንፈርም የሚነካው እዚያ ነው። ሎሚ ወይም የጁስ ዱቄት መጨመር ከፈለጋችሁ ጊዜው ካለቀ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን ያከሽፋል።

ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየምን አይገድልም፣ ጃርዲያንም የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከብት በሚበዛበት ውሃ ላይ ማፍላት ወይም ከክሎሪኑ በፊት ጥሩ ማጣሪያ መጠቀም ይመረጣል። ባለ 2 በመቶ የቁስል አዮዲን በጭንቅ ጊዜ በ1 ሊትር 5 ጠብታ፣ ለድፍርስ 10 ጠብታ፣ 30 ደቂቃ ጠብቆ ይሠራል። ነፍሰ ጡርና የእንቅርት ሕመም ያለበት ሰው ግን አይጠጡት፤ ሌላውም ሰው ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቀጥልበት።

ፀሐይ

ምንም በሌለበት ፀሐይና የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃሉ። ቀለም የሌለው፣ ያልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ጠርሙስ ምረጡ፤ ወረቀቱን ላጡት። ሁለት ሦስተኛ ሞልታችሁ 20 ሰከንድ ነቅንቁ፣ ከዚያ ሙሉት። የሚነቀነቀው አየር እንዲቀላቀልበት ነው፤ ኦክስጅን የፀሐዩን ሥራ ያግዛል። ጥላ በማይደርስበት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድማችሁ ለ6 ሰዓት ተዉት። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ 2 ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደጋ ላይ ዝናቡ ሲያካፋ ቢውል በዚህ ዘዴ አትተማመኑ።

ውሃው ለፀሐይ መጥራቱን ለማወቅ የሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ላይ አቁማችሁ ከአፉ ወደ ታች ተመልከቱ። አርዕስቱ ካልተነበበ መልሳችሁ አዝቅጡ። መስኮት ላይ ከውስጥ ማስቀመጥ አይሠራም፤ ተህዋስ የሚገድለውን ጨረር መስታወቱ ይይዘዋል።

ማጣሪያ

ጉልላት የሚመስለው የሸክላ ሻማ ማጣሪያም ሆነ መንገደኛ የሚይዘው ባለ ቀጭን ቱቦ ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጃርዲያን ያስቀራሉ፤ ቫይረስ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። ሰው ከሚኖርበት በታች ከተቀዳ ውሃ ላይ ከማጣሪያው በኋላ ክሎሪን ጨምሩ። ሸክላው ሲዘገይ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፤ ፍሰቱ በድንገት ከፈጠነ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የቱቦው ማጣሪያ አንዴ ረጥቦ በውርጭ ከቀዘቀዘ ውስጡ ይቀደዳል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። በሰሜን ተራሮች ሌሊት ላይ በመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

ማስቀመጥ

የታከመ ውሃ የራሱ ጀሪካን ይኑረው፣ መቅጃው ጀሪካን ሌላ ይሁን። አፉ ጠባብ የሆነ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ይመረጣል፤ ጣሳ አይነከርበት። አረንጓዴ የያዘ ጀሪካን በንጹሕ ጠጠርና በሳሙና ውሃ ተነቅንቆ፣ ታጥቦ ይለቅለቅ። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ግን በምንም ቢታጠብ አይጸዳም። የፈላ ወይም በፀሐይ የታከመ ውሃ ክሎሪን ስለሌለው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለመጠጥና ለምግብ በሰው በቀን 3 ሊትር ገደማ አስቡ፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ለሦስት ቀን 45 ሊትር ይሆናል። ሮቶውን ለማጽዳት ፈግፍጋችሁ አተላውን አውጡ፣ ሙሉት፣ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፣ እያንዳንዱን ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉ፣ 24 ሰዓት አቆዩትና ሙሉውን ድፉት። ያ ውሃ አይጠጣም።

ተቅማጡ ከጀመረ

ንጹሕ ውሃ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት፣ የኦአርኤስ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ውሃ ለኩ፤ በአገራችን የተለመደው ለ1 ሊትር ነው። ከሌለ ለ1 ሊትር የታከመ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው ማብዛት ለልጅ አደገኛ ነው፤ የተዘጋጀው ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ደፍታችሁ እንደገና ሥሩ። ልጅ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ተቅማጡ የሩዝ ውሃ የመሰለ ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንት ካቆመ ኦአርኤሱን በመንገድ ላይም እያጠጣችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ አድርሱት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።